የማክሰኞ ማረጋገጫ

ቆቦ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለበድረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ በሄድክበት ሁሉ ከፊትህ ይቅደም፤ በሰው አገር ጤናህን ይጠብቅልህ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ማሽላው ዘንድሮ ጥሩ ይዟል፤ የጠፋው የሚያጭደው ሰው ነው።

ምናልባት አታስታውሰኝ ይሆናል። ራቢዓ ነኝ፤ ቆቦ ሽንኩርትና ማሽላ የምነግደው። የእናትህ የፈሪሀ አባትና የእኔ እናት የአጎትና የአክስት ልጆች ነበሩ። አንተን ያየሁህ አንዴ ብቻ ነው፤ ደሴ፣ በእህትህ ሠርግ። ሰው ሁሉ ሲጨፍር አንተ ጥግ ይዘህ የተበላሸ ሬዲዮ ትፈታ ነበር።

ጉዳዬ ይህ ነው። የእህቴ የሀሊሜ ልጅ ሙንተሲር ዓምና በጅቡቲ አድርጎ ባሕር ተሻገረ። ሳዑዲ ግን አልደረሰም፤ የመን፣ ኤደን ከተማ ቀረ። ስልኩን ደላሎቹ ወስደውበታል። አብሮት ባለው የሮቢት ከተማ ልጅ፣ በኑሀ ስልክ፣ አንድ ቀን ለእናቱ ደወለ። «ስደተኛ ወደ አገሩ የሚመልስ ድርጅት ዘንድ ተመዝግቤያለሁ። ግን በኢሜይሌ የሚመጣው ማረጋገጫ ካልተጫነ ስሜ ከበረራው ዝርዝር አይገባም። ኢሜይሌ ያለው ሰላሁዲን ዘንድ ነው፤ ሂጂና አስጫኚልኝ» አላት። ከዚያ ወዲህ ድምፁን አልሰማንም።

ሰላሁዲን ገበያው አጠገብ ሞባይል ቤት ያለው ሰው ነው። ከዚህ ለሚወጣ ልጅ ሁሉ ኢሜይል የሚያወጣው እሱ ነው። በራሱ ስልክ፣ በራሱ ቁጥር ይከፍተዋል፤ ልጁ አድራሻውን በወረቀት ይዞ ይሄዳል፤ የሚመጣለት ደብዳቤ ግን እዚሁ ቆቦ ይቀራል። ለዓመታት እንዲህ ሲሠራ ማንም ክፉ አላየበትም። ብሄድበት ማረጋገጫው መጥቶ ኖሮ ጊዜው አልፎበታል።

እናትህ እንደነገረችኝ ያ ድርጅት ምዝገባውን የሚያሠራው አንተ ዱባይ በምትሠራበት መሥሪያ ቤት ነው። ማረጋገጫው እንደገና እንዲላክ አድርግልኝ። ገንዘብ አልጠይቅህም።

ኢንተርኔት ሰሞኑን ስለተቋረጠብን ደብዳቤዬን ሹፌሩ ሙሉጌታ ደሴ ለእናትህ ያደርሳል፤ እሷ ፎቶ አንስታ ትልክልሃለች። መልስህንም እንዲሁ አሳትማ ትስጠው።

አክስትህ ራቢዓ

ዱባይ፣ ጥቅምት 23

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ራቢዓ፣

ወዐለይኩም ሰላም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። ከደጅዎ ክፉ አይቁም፤ ለእህትዎም አላህ ብርታቱን ይስጣት። ሬዲዮውን ያስታውሱታል! አልተሠራም፤ አባቴ ገርፎኛል።

የሙንተሲርን አካውንት አገኘሁት። ስሙ አለ፣ ፎቶው አለ። «ያልተረጋገጠ» ይላል።

እዚህ አሠራሩ ተለውጧል። እንዲህ ያለውን ሥራ ዛሬ ሰው አይሠራውም። ወኪል የምንለው ፕሮግራም አለ፤ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። እኔ እንደ ሰው እጽፍለታለሁ፤ «ለዚህ አካውንት የማረጋገጫ ኢሜይል እንደገና ላክ» እለዋለሁ፤ እሱ በተሰጠው መሣሪያ ይልክና «ተልኳል» ብሎ ይመልስልኛል። በልጁ ፋንታ ማረጋገጥ ግን አይችልም፤ አድራሻም አይለውጥም። እኔም አልችልም። በኢሜይሉ ውስጥ የሚጫነው ሊንክ የሚቆየው አንድ ቀን ብቻ ነው።

ዛሬ አስልኬዋለሁ። ቶሎ ያስጭኑት። ሙንተሲር ሲመጣ አውሮፕላን ማረፊያ የሚቀበለው ሰው ከአሁኑ ያስቡ፤ የሚመለሱት ልጆች መንገዱ ይጠፋቸዋል።

ልጅዎ በድረዲን

ከማስታወሻዬ፣ ጥቅምት 30

የበድረዲን ደብዳቤ ዛሬ ደረሰኝ። ያስላከው ግን ከሳምንት በፊት ነው፤ ሊንኩ ሞቷል። አንድ ቀን የሚቆይ ነገር! ቲማቲም እንኳ ከዚህ ይሻላል።

ሰላሁዲን ዘንድ ሄድኩ። ኢንተርኔቱ ዋጃ ከተማ ሲደርሱ ይያዛል ይላሉ።

«ስልኩን ስጠኝና ዋጃ ደርሼ ልመለስ» አልኩት።

«እትዬ ራቢዓ፣ ሱቁን ውሰጂ። እዚህ ውስጥ የስንት ሰው ልጅ እንዳለ ታውቂያለሽ?»

«እንግዲያ ፓስወርዱን ንገረኝና ደሴ ይክፈቱት።»

«እኔም አላውቀውም። ስልኩ ነው የሚያውቀው።»

«አንተስ የምታውቀው ምንድን ነው?»

«ዋጋውን» አለና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም፤ እሱም ተወው። በመጨረሻ ስልኩን ራሱ ይዞ ከእኔ ጋር ዋጃ ሊሄድ ተስማማ። የሱቁን ግማሽ ቀን እኔ ልክሰው ነው።

ቆቦ፣ ኅዳር 1

ለልጄ ለበድረዲን፣

ሰላምታዬ ይድረስህ፤ አላህ እጅህን ይባርከው፣ ሥራህን ያቅናልህ።

የላክኸው ሳይከፈት ሞተ። ጥፋቱ የአንተ አይደለም፤ የመንገዱ ርዝመት ነው። እኔ ሸቀጥ በምልክበት ጊዜ የሚቀበለው ሰው በር ላይ መቆሙን ሳላረጋግጥ አልጭንም፤ እኛም እንደዚያ እናድርግ። ኅዳር 16፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሰላሁዲንን ይዤ ዋጃ እገኛለሁ። በዚያን ዕለት ጠዋት አስልክ።

ሀሊሜ ሰላም ብላሃለች። «በድረዲን ልጁን አይቶታል?» ትለኛለች። ፎቶውን ነው ያየው ብላት አልገባትም፤ «አየው አይደል!» ብላ ለጎረቤት ሁሉ ተናገረች።

አክስትህ ራቢዓ

ዱባይ፣ ኅዳር 8

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ንግድዎን አላህ በረካ ያድርገው።

ምክርዎን ወድጄዋለሁ። ግን መንገዱ የሚታመን ስላልሆነ አንድ ነገር ጨምሬበታለሁ። ወኪሉን «ይህ አካውንት እስኪረጋገጥ ድረስ በየሳምንቱ ማክሰኞ ጠዋት ማረጋገጫ ላክ» ብዬ አዝዤዋለሁ። አይረሳም፤ አይታክተውም። ኅዳር 16 ባይሳካ በቀጣዩ ማክሰኞ ይሂዱ፤ እዚያ ያገኙታል።

ለእህትዎ አይቼዋለሁ ይበሏት። ፎቶው ላይ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፎ፣ ሳቁን እንደምንም ይዞት ነው። የመልስ በረራዎቹ ጥር ውስጥ ይጀምራሉ ይባላል።

ልጅዎ በድረዲን

ከማስታወሻዬ፣ ኅዳር 16

ዋጃ ሳንደርስ መንገዱ ተዘጋ። ሚኒባሱ ውስጥ ፀሐይ ሲያቃጥለን ዋለ። ሰላሁዲን ስልኩን በመስኮት አውጥቶ ወደ ሰማይ ያዘው። ከኋላችን የተቀመጠች ሴት፣ «ዝናብ ልትለምንበት ነው?» አለችው። ከሰዓት በኋላ ወደ ቆቦ መለሱን።

ቆቦ፣ ኅዳር 17

ለልጄ ለበድረዲን፣

ባለህበት ሰላም ሁን። ትናንት መንገድ ተዘግቶ ከዋጃ በታች ቀረን። የማክሰኞው ትእዛዝህ ብልህ ነው፤ እንዳይቋረጥ ብቻ ጠብቅልኝ። መንገዱ ሲከፈት እንሄዳለን።

ኑሀ ስልኩን አያነሳም። ድርጅቱ ኤደን ውስጥ ሰው ካለው ልጆቹን አይቶ እንዲነግርህ ጠይቅልኝ። ሀሊሜ ሌሊት በሩን አትዘጋም፤ ሌባ ይገባብሻል ብላት፣ «እሱ ቢመጣስ?» ትለኛለች።

አክስትህ ራቢዓ

ዱባይ፣ ታኅሣሥ 13

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ራቢዓ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ሰብሩን፣ ትዕግሥቱን ያብዛልዎ፤ ቤታችሁን ሁሉ ይያዝልን።

መልሴ ስለዘገየ ይቅርታ። ሥራ በዝቶብኝ ነው።

የማረጋገጫው ነገር እንደቀጠለ ነው። ከትእዛዙ ምንም እንዳይጎድል ብዬ ደብዳቤዎ እንደደረሰኝ ያንኑ ለወኪሉ በድጋሚ ሰጥቼዋለሁ። ኤደን ያለውንም ሰው ጠይቄያለሁ።

ሸህ ሙሀመድሰይድ አሁንም ቆቦ ናቸው? ጤናቸውስ? እናቴ ልትጠይቃቸው ትፈልጋለች። እህትዎ ሀሊሜ ብቻዋን ነው የምታድረው? አብሯት የሚያድር ሰው ቢኖር ጥሩ ነው።

በሙሉጌታ እጅ ትንሽ ገንዘብ ልኬያለሁ። ለቤት ይሁን።

ልጅዎ በድረዲን

ከማስታወሻዬ፣ ታኅሣሥ 19

ገንዘብ አልጠየቅሁትም። ከመጀመሪያው ቀን አልጠይቅህም ብዬዋለሁ።

ሦስቱን ደብዳቤዎች ጎን ለጎን አስቀምጬ አነበብኳቸው። በመጀመሪያው ሙንተሲር «ሲመጣ» ይላል። በሁለተኛው ስለ በረራው ያወራል፣ ስለ ሸሚዙ ያወራል። በዚህኛው የልጁ ስም አንድም ቦታ የለም። ኤደን ያለውን ሰው ጠየቅሁ ይላል፤ ምን እንደመለሰለት አይልም። ሽማግሌ ይጠይቃል። ከእህቴ ጋር ሰው ይደር ይላል። ገንዘብ ይልካል።

ገበያ ውስጥ ገዢ ዋጋ ሳይከራከር ከከፈለ አንድ የሚያውቀው ነገር አለ። እኔም አወቅሁ መሰለኝ። ግን መሰለኝ ተብሎ ልቅሶ አይቀመጥም።

መርዶ በደብዳቤ አይጻፍም፤ በስልክ አይነገርም። ሽማግሌ ይመረጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይኬዳል፣ ጎረቤት አስቀድሞ ይሰማል፣ እናትየዋ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ይቆማል። በድረዲን ዱባይ ቢኖርም የወሎ ልጅ ነው፤ ስለዚህ አይጽፈውም። እኔ ደግሞ ሳላውቅ ሀሊሜን ላዘጋጃት አልችልም።

ቆቦ፣ ታኅሣሥ 20

ለልጄ ለበድረዲን፣

አላህ ካንተ ጋር ይሁን። የላክኸው ደርሷል።

አንድ ነገር እጠይቅሃለሁ፤ መልሱን እንዳትጽፍልኝ። ለመጻፍ የማይሆን ነገር እንዳለ አውቃለሁ፤ አላስገድድህም። ልጁ በሕይወት ካለ የማክሰኞው ትእዛዝ እንዳለ ይቆይ። ከሌለ ሰርዘው። ደብዳቤዬ ቀስ ብሎ ስለሚደርስ ጊዜ እሰጥሃለሁ፤ ጥር 5፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ መንገዱ ቢዘጋ በእግሬም ቢሆን ዋጃ እደርሳለሁ። የዕለቱ ማረጋገጫ ከመጣ እጫነዋለሁ። ካልመጣ ገብቶኛል ማለት ነው። ከዚያ ሽማግሌውን እኔው አዘጋጃለሁ፤ አንተም ሳትናገር ተናገርክ ማለት ነው።

አክስትህ ራቢዓ

ከማስታወሻዬ፣ ጥር 5

ዋጃ ደረስን። መንገዱ ክፍት ነበር፤ ምናለ ተዘግቶ በነበር እያልኩ ነው የሄድኩት።

ሻይ ቤት ደጃፍ ቆምን። ሰላሁዲን ስልኩን ከፈተው። ስልኩ መንጫጫት ጀመረ። የስንቱ ልጅ ደብዳቤ በአንድ ጊዜ ገባ። የሙንተሲርን ከፈተ፤ የየማክሰኞው ማረጋገጫ ተደርድሯል፤ ሁሉም ጊዜው ያለፈበት ነው።

«የዛሬውን ፈልግ» አልኩት።

«ቆይ… እትዬ! አለ! የዛሬም አለ!»

«ቀኑን አንብብ።»

«ጥር አምስት። ጠዋት።»

«እንደገና አንብብ።»

«ሴትዮ፣ ቀን ሲነበብ ይለወጣል እንዴ? ነይ ራስሽ እዪው።»

አየሁት። ጣቴን ይዞ አስጫነኝ። «አካውንትዎ ተረጋግጧል። እንኳን ደስ አለዎ» አለ። የሻይ ቤቱ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ሰላሁዲን ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ ሻይ አዘዘ።

ቆቦ ስንመለስ ለሀሊሜ ነገርኳት። ቀስ ብዬ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ፊቴን ስታይ አወቀች። እልልታው እስከ ገበያው ተሰማ።

ጥር 6

ሀሊሜ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጥታለች። የሙንተሲርን ጋቢ አጥባለች። ስለ በድረዲን ደብዳቤ የጠረጠርኩትን ለማንም አልነገርኩም፤ በራሴ አፈርኩ። ሰው ገንዘብ በደግነት ሊልክ እንደሚችል ረስቼ ነበር።

ጥር 7

ጎህ ሳይቀድ በር ተንኳኳ። ከሀሊሜ ጋር ነበር ያደርኩት። የከፈተችው እሷ ናት።

ሸህ ሙሀመድሰይድ ከፊት ነበሩ፤ ከኋላቸው ሽማግሌዎቹ፣ ከነሱ ኋላ ጎረቤቶቹ። እኔ ከውስጥ ሆኜ አየኋቸው፤ ገባኝ። ሀሊሜ ግን ለደስታዋ የመጡ መሰላት።

«ግቡ፣ ግቡ! ሰምታችሁ ነው አይደል? እኔኮ ዛሬ ልጠራችሁ ነበር!» እያለች ያጠበችውን ጋቢ አነጠፈችላቸው።

ሸሁ አልተቀመጡም። ሽማግሌዎቹ ጋቢውን አልረገጡትም።

ዱባይ፣ ጥር 10

ለአክስቴ ለወይዘሮ ራቢዓ፣

ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን። አላህ ሙንተሲርን በጀነት ያኑረው።

አሁን መጻፍ እችላለሁ። ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው የሰማሁት። ትኩሳት ይዞት ኤደን ሐኪም ቤት ገባ፤ በሦስተኛው ቀን አለፈ። ኑሀ ሰግዶበታል፤ ሲቀበርም አብሮ ነበር። ኤደን ያለው የድርጅቱ ሠራተኛ በልጁ ፋይል ላይ ጽፎታል። ፋይሉን ግን የሚያነበው ሰው ነው፤ ወኪሉ የሚያየው አካውንቱ መረጋገጡን አለመረጋገጡን ብቻ ነው። ለእናቴ ነገርኳት፤ ሸህ ሙሀመድሰይድ ቆቦ መኖራቸውን ስናረጋግጥ መልእክተኛ እንድትልክላቸው ተስማማን። እስከዚያ ምን ብዬ እንደምጽፍልዎ ጠፋኝ።

ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ አለቀስኩ፤ እንደገባዎት አየሁ። ያንኑ ቀን ወኪሉን «የማክሰኞውን ትእዛዝ ሰርዝ» አልኩት። «ተሰርዟል» አለኝ። አመንኩት። እናቴም ከማክሰኞው በኋላ ሽማግሌዎቹ እንዲሄዱ ላከች፤ እርስዎ ቀድመው የሚያውቁ መስሎን።

ግን ያንን ትእዛዝ ሁለት ጊዜ ሰጥቼው ነበር፤ አንዱን ኅዳር 8፣ ሌላውን የኅዳር 17 ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ፣ እንዳይረሳ ብዬ። አይረሳም ብዬ የጻፍኩልዎ እኔው ነኝ። እሱ አንዱን ሰረዘ። በሌላው ትእዛዝ ግን በሰዓቱ ላከ። ያን ማክሰኞ ማታ «ተረጋግጧል» የሚል ሳይ ኮምፒዩተሩን ዘግቼ ወጣሁ፤ የት እንደሄድኩ አላውቅም።

ሌላም አለ። አካውንቱ ስለተረጋገጠ ስሙ ጥር 28 በሚነሳው በረራ ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ወንበር ተሰጥቶታል። ነገ በእጄ አወጣዋለሁ። ይቅር ይበሉኝ ለማለት አፍ የለኝም።

በድረዲን

ቆቦ፣ ጥር 14

ለልጄ ለበድረዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወረህመቱላሂ። እናትህ በሸሁ ስልክ ሁለት ቃል ብቻ ነግራኝ ነበር፤ ዛሬ ሙሉውን አነበብኩ። ሙሉጌታ ስለሚመለስ ቸኩዬ ነው የምጽፈው።

ወኪሉን አልወቅሰውም፤ የታዘዘውን አደረገ። አንተንም አልወቅስህም፤ ትእዛዝ የደገምከው ለኛ ብለህ ነው። መርዶ ከሰው አፍ ነው የሚወጣው፤ እኔ ግን ከስልክ ዝምታ ልቀበለው ፈለግሁ። ቶሎ ለማወቅ፣ ብልጠት መስሎኝ። ስልኩ ዝም አላለም። ለሀሊሜ የነገርኳት እኔ ነኝ፤ እልልታውንም በሷ አፍ ያስገባሁት እኔ ነኝ። አሁን ከሷ ጋር ነው የማድረው። በሩን መዝጋት ጀምራለች። የላክኸው ገንዘብ ለሰደቃው ሆኗል።

የሙንተሲርን ስም ካላወጣኸው ቆይ፤ ካወጣኸው ቦታውን አታስነጥቅ። ኑሀ ኤደን ብቻውን ቀርቷል። እሱም ተመዝግቧል፤ እናቱን ሮቢት ሄጄ ጠየቅኋት፤ የሱም ኢሜይል ሰላሁዲን ስልክ ላይ ነው፤ የሱንም ማንም አልጫነለትም። የሰውን ልጅ የቀበረ ልጅ ነው። ወንበሩ ባዶ እንዳይሄድ።

ለኑሀ ማረጋገጫ አስልክ። አንድ ጊዜ ብቻ እዘዘው፤ ካዘዝከው በኋላ ፋይሉን ራስህ ክፈትና ልጁ በሕይወት መኖሩን በዓይንህ አንብብ። ሰላሁዲን ስልኩን ያለ ክርክር ሰጥቶኛል።

ጥር 26፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ ዋጃ ነኝ።

አክስትህ ራቢዓ